አዲሱ ጠመንጃዬ ጥይት ይነክሳል፣ ቦልቱም ከተኩስ በኋላ አልነሳም ይላል

ጀማሪው አዳኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ የአደን ጠመንጃ ይዣለሁ። በቦልት የሚሠራ፣ .308 ዊንቸስተር የሚጎርስ ነው። ካዝናው ተነቃይ ነው፣ አራት ጎራሽ። የማነጣጠሪያ መነጽሩን የሸጠልኝ ሰው ራሱ ገጥሞ ነው ያስረከበኝ። ዒላማ ላይ ስሞክረው ሁለት ነገር አስቸገረኝ።

አንደኛው፣ ሳቀባብል ይነክሳል። የላይኛው ጥይት ብዙ ጊዜ ይገባል። ከሥር ያሉት ግን አፍንጫቸውን ወደ ታች ይደፉና ቻምበሩ (ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበት ቤት) መግቢያ ላይ ያለውን ተዳፋት ይወጋሉ። የእርሳስ ጫፋቸው ይጨፈለቃል። ቦልቱን ወደ ኋላ ስቤ መልሼ ስገፋው አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀረቀራል።

ሁለተኛው ይብሳል። ከተኩስ በኋላ የቦልቱ እጀታ አይነሳም። በመዳፍ መታ መታ ካልተደረገ እምቢ ነው። ቀለሁ ሲወጣ ደግሞ ቂጡ ላይ ያለችው ፕራይመር (ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ዝርግ ብላለች።

የተኮስኩት ሁለት ዓይነት ጥይት ነው። አንዱ የፋብሪካ፣ አረሩ 150 ግሬን የሚመዝን፣ ጫፉ እርሳስ የሆነ። ሌላው ወዳጄ ቤቱ የሞላልኝ ባለ 168 ግሬን። የትኛው ላይ እንደሚብስ ገና አልለየሁም። ለመሆኑ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው የጥይቱ? ለሻጩ ልመልሰው ወይስ ተኩሼ ተኩሼ ይለሰልሳል?


ችኩል

አዲስ ሁሉ እንዲህ ነው፣ አትጨነቅ። ብርጭቆ ወረቀት ዘንግ ላይ ጠቅልለህ ቻምበሩን ትንሽ እሸው። ተዳፋቱን በሞረድ ነካ ነካ አድርገው። እጀታው እምቢ ካለ የጎማ መዶሻ አለ። አንድ መቶ ጥይት ከተኮስክበት በኋላ ራሱ ይገራል።


ሞረድ

ችኩል ወንድሜ፣ ስሜ ሞረድ ቢሆንም እዚህ ላይ ሞረድ አይነሳም። ያነሳኸው ብረት አይመለስም። ቻምበር በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ጠመንጃ ደጄ ሲመጣ አውቀዋለሁ። ቀለሁ ላይ ጭረቱ ተጽፎ ይወጣል። የፋብሪካው ዋስትናም አብሮ ይቀራል።

ጀማሪው፣ መጀመሪያ መተኮስ አቁም። እጀታው ካልተመታ የማይነሳ ጠመንጃ ላይ ሌላ ጥይት አይጨመርም።

ቀጥሎ ሁለቱን ችግር ለያያቸው። አንድ ላይ ስለመጡ አንድ በሽታ ይመስላሉ። ጥይት አለመግባት የካዝና፣ የመንገድና የርዝመት ጉዳይ ነው። የእጀታው አለመነሳት ግን ሁለት አባት ሊኖረው ይችላል። ወይ ግፊት ነው፣ ወይ ብረት ከብረት እየተጋጨ ነው። የመጀመሪያው ዓይን ያጠፋል፣ ሁለተኛው በካቻቢቴ ይፈታል። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ያለ ጥይት ነው።

ካዝናውን ንቀል። ቻምበሩ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ ቦልቱን ዝጋና ክፈት። ምላጩን ሳትስብ አንዴ፣ ስበህ አንዴ። ምላጩ ከተሳበ በኋላ እጀታው ከበድ ማለቱ ያለ ነው፤ ስታነሳው የመምቻውን ሞላ እየጨመቅክ ነው። ሳይሳብ ግን ቀለል ብሎ መነሳት አለበት።

ከዚያ ባሩድም ፕራይመርም የሌለው የልምምድ ጥይት አስገብተህ ድገመው። በመጨረሻ ከዚሁ ጠመንጃ የወጣ ባዶ ቀለህ መልሰህ አስገባና እየው።

ባዶውን ከከበደ ጥይትህን አትክሰስ፣ ችግሩ ብረቱ ውስጥ ነው። ባዶውን ቀሎ የተተኮሰው ቀለህ ሲገባ ብቻ ከከበደ፣ ወይ ቀለሁ ከልኩ በላይ ተነፍቷል ወይ ቻምበሩ ሻካራ ነው።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ ከመተኮስህ በፊት አፈሙዙና ቻምበሩ ተጠርገው ደርቀዋል? አዲስ ጠመንጃ ዝገት መከላከያ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ቀለህ ሲተኮስ ተነፍቶ የቻምበሩን ግድግዳ ይቆነጥጣል፣ የግፊቱን ከፊል ግድግዳው ይሸከምለታል። ቻምበሩ ዘይት ከሆነ ቀለሁ ይንሸራተትና ሸክሙ ቦልቱ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ የመቆለፊያ ጆሮዎቹ (ቦልቱ ሲዘጋ የሚቆልፉት ጉጦች) ጀርባ ላይ ግራሶ አለ? እዚያ ደረቅ ከሆነ ብረቱ ይፋቃል። ቻምበሩ ደረቅ፣ ጆሮዎቹ ግራሶ። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል።

መነጽሩን ማን እንደገጠመው ስትጽፍ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። ግን መልስህን ልይ።


ቀለህ ለቃሚ

ሞረድ ያለው ሁሉ ልክ ነው። የእኔ ጭንቀት ግን ያ ቤት የተሞላ ጥይት ነው። የብረቱ ምርመራ እስኪያልቅ ለይተህ አስቀምጠው፣ አንዷንም አትተኩስ።

ለ.308 የተፈቀደው ከፍተኛ አማካይ ግፊት በአሜሪካው የጥይት ልክ አውጪ ድርጅት ሳሚ 62,000 ፒኤስአይ ነው። በአውሮፓው አቻው ሲአይፒ 4,150 ባር። ሁለቱ የሚለኩበት መንገድ ስለሚለያይ አንዱን ወደ ሌላው ቀይረህ ‹ይሄኛው ይፈቅዳል› አትበል። ቁም ነገሩ፣ ይህን ግፊት በዓይን የሚለካ ሰው የለም። እኛ የምናየው ቀለሁ ላይ የቀረውን አሻራ ብቻ ነው። አሻራው ደግሞ ይዋሻል።

ፕራይመርን ውሰድ። ዝርግ ካለ ‹ግፊት ነው› ይባላል። ሊሆን ይችላል። ግን ሽፋናቸው ለስላሳ የሆነ ፕራይመሮች በደህና ጥይትም ይዘረጋሉ። የሚገርመው፣ ደካማ ጥይትም ሊዘረጋቸው ይችላል። በቦልቱ ፊትና በቀለሁ ቂጥ መካከል ክፍተቱ ከሰፋ፣ መጀመሪያ ፕራይመሯ ወደ ኋላ ትወጣለች፣ ከዚያ ቀለሁ ተከትሎ ይመጣና መልሶ ይደፈጥጣታል። የመርፌው ምት ዙሪያ እንደ ጉድጓድ ጠርዝ ከተነሳም ያው ነው። ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የመርፌው ቀዳዳ ሰፍቶ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው አዲስ ጠመንጃ ሞልቷል።

እኔ ከፕራይመሯ ይልቅ የማምነው የቀለሁን ቂጥ ነው። እዚያ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ወይም ግማሽ ጨረቃ ካየህ፣ ናሱ ቦልቱ ፊት ላይ ወዳለው የገፊው (ቀለሁን ወደ ውጭ የሚወረውረው) ቀዳዳ ፈስሶ እጀታው ሲዞር ተፍቋል ማለት ነው። ናስ እንዲፈስ ብዙ ይጠይቃል። ፕራይመሯ ከቤቷ ላላ ካለች ደግሞ ክርክር የለም።

አሻራዎቹ በግልጽ የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ልኩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ‹ምልክት የለውም፣ ትንሽ ልጨምር› የሚሉት ነገር አይሠራም። የፍጥነት መለኪያ ካለህ እሱ ይሻላል። የመሙያ መጽሐፉ ለዚያ ባሩድና ለዚያ አረር ከሰጠው ፍጥነት በጣም ካለፍክ፣ ትርፉ ከሰማይ አልወረደም። በግፊት ነው የተከፈለው።

ወዳጅህን እነዚህን ጠይቀው። ባሩዱ የቱ ነው፣ ስንት ነው? ቀለሁ የሲቪል ነው ወይስ የወታደር? የወታደሩ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ስለሚጠብ ያው ባሩድ የበለጠ ግፊት ይሰጣል። የቀለሁ ርዝመት ከ51.18 ሚሊሜትር አልፏል? ካለፈ አንገቱ ቻምበሩ ጫፍ ላይ ይታነቅና አረሩን አልለቅም ይላል። ጠቅላላ የጥይቱ ርዝመትስ? ለ.308 የሳሚ ጣሪያ 71.37 ሚሊሜትር ነው። በዚያው ለካዝናህም መልስ ታገኛለህ።


ጥላ ሥር

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። የወታደር 7.62 በ51 ናቶ በ.308 ጠመንጃ ይተኮሳል? አንድ ቦታ የናቶው ግፊት 50,000፣ የ.308ው 62,000 ነው የሚል አይቼ ግራ ገብቶኛል።


ቀለህ ለቃሚ

ያ ቁጥር ስንቱን አደናግሯል። 50,000ው የተለካው በድሮው መንገድ ነው፤ ግፊቱ አንዲት የመዳብ ቁራጭን ሲጨፈልቅ ቁራጯ በስንት እንዳጠረች ይታያል። 62,000ው በኤሌክትሪክ መለኪያ የተወሰደ ነው። .308 ራሱ በመዳቡ መንገድ ሲለካ 52,000 ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ወሬው እንደሚያስመስለው ሰፊ አይደለም።

የፋብሪካ ናቶ ጥይት በደህና .308 ውስጥ ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም። የጠመንጃህ መመሪያ ምን እንደሚል ግን እይ፣ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። ተቃራኒው ላይ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ። የወታደር ጠመንጃ ቻምበር ረዘም ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፣ የሲቪሉ ቀለህ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ይለጠጥና ከታች አካባቢ ሊበጠስ ይችላል።

ከዚህ የባሰው ስም ተመሳሳይ ሆኖ ልክ ሲለያይ ነው። 8 በ57 ‹አይ› እና ‹አይኤስ› የሚባሉት አንዱ አረር 8.08 ሚሊሜትር፣ ሌላው 8.22 ነው። ወፍራሙን በቀጭኑ አፈሙዝ መግፋት ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን እና የጥይቱ ቂጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁለቱንም ማንበብ ነው።


ጀማሪው አዳኝ

አመሰግናለሁ ጋሼ ሞረድ። የታዘዝኩትን አደረግኩ።

ባዶውንም ይከብዳል! ካዝና የለም፣ ጥይት የለም፣ ምላጭ አልተሳበም፣ እጀታው ግን ሊዘጋ ሲል የመጨረሻዋ ሩብ ላይ ይይዛል። ሲነሳም እዚያችው ቦታ ላይ ይይዛል። ቦልቱን አውጥቼ ሳየው የአንደኛው መቆለፊያ ጆሮ አናት ላይ የሚያበራ ጭረት አለ። አዲስ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል።

ቀለሆቹንም ለየኋቸው። የፋብሪካዎቹ ፕራይመር ጠርዙ ክብ ነው፣ ደህና ይመስላል። ዝርግ ያሉት ወዳጄ የሞላቸው ናቸው፤ ከመካከላቸው ደግሞ ቂጣቸው ላይ ግማሽ ጨረቃዋ ያለባቸው አሉ። ያልተተኮሱትን በካሊፐር ስለካ 72.3 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣሉ። የፋብሪካዎቹ ከ71 በታች ናቸው።

ቻምበሩ ከመተኮሱ በፊት ተጠርጓል። የጆሮዎቹ ጀርባ ግን ደረቅ ነው።


ሞረድ

ልጄ፣ ጭረቱ ከጆሮው አናት ላይ ነው ካልክ ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ ማለት ይቻላል።

የመነጽሩ መቀመጫ ከጠመንጃው ጣሪያ ላይ በብሎን ይያዛል። በብዙ ጠመንጃ የፊተኞቹ ቀዳዳዎች የቦልቱ ጆሮ ሄዶ ከሚቆለፍበት ቦታ በላይ ናቸው። እዚያ የሚገባው ብሎን አጭር መሆን አለበት። ከረዘመ ጫፉ ወደ ውስጥ ብቅ ይላል። ቦልቱ ሲዘጋ ላይኛው ጆሮ ከሥሩ ያልፋል፣ ይፋቃል፣ ይያዛል። ሰው ደግሞ ከተኮሰ በኋላ ብቻ ስለሚያስተውለው ‹ግፊት ነው› ይላል። ይህን ችግር ይዘው የጥይት ዓይነት ሲቀያይሩ የከረሙ ሰዎች አሉ።

ምርመራው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጥ። ከመቀመጫው ብሎኖች የመጨረሻዋን የፊት ብሎን ብቻ ፍታና ቦልቱን አንቀሳቅስ። ከለቀቀ እሷ ናት። ካለቀቀ ቀጣዩን። ካቻቢቴው የብሎኑን ራስ ሞልቶ የሚይዝ ይሁን፣ አለዚያ ራሱን ትበላዋለህ።

መቀመጫዎቹ ደህና ከሆኑ ከታች ያሉትን እይ። ጠመንጃውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖችም ከረዘሙ ያው ሥራ ይሠራሉ። የፊተኛው ጆሮው ላይ፣ የኋለኛው የቦልቱ አካል ላይ። ሦስተኛው ደግሞ የሞኝ የሚመስል ግን የሚያጋጥም ነው። መነጽሩ ዝቅ ብሎ ተገጥሞ እጀታው ሲነሳ የመነጽሩን ኋላ ይነካል።


ችኩል

እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። የመዶሻውን ነገር እርሱት።


ጀማሪው አዳኝ

እሷው ናት! የፊተኛዋን ብሎን ስፈታ ቦልቱ ወዲያው ለቀቀ። አውጥቼ ከሌሎቹ ጋር ሳስተያያት እኩል ናት። ገጣሚው አራቱንም ከአንድ ዓይነት ረጅም ብሎን ነው ያሰራቸው። በማሸጊያው ውስጥ ሁለት አጫጭር ሳይነኩ ተቀምጠዋል። አጭሯን አስገብቼ ልጠበው ወይስ መልሼ ልውሰድለት?


ሞረድ

ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ራስህ መግጠም ትችላለህ። ግን ሁለቱንም ፊት በአጭሮቹ ቀይር፣ የፈታሃትን ብቻ አይደለም። ማጥበቂያው ልክ በመቀመጫው መመሪያ ላይ ተጽፏል፣ በልክ የሚያጠብቅ ካቻቢቴ ካለህ በዚያ ሂድ። በጣም ማጥበቅ እነዚህን ቀጫጭን ብሎኖች ይቆርጣቸዋል። ከጠበቁ በኋላ ቦልቱን እንደገና ሞክር፤ ከመጥበቃቸው በፊት ነጻ ሆኖ ከጠበቁ በኋላ የሚይዝ ጠመንጃ አይቻለሁ።

አጭር ብሎን ሲባል ደግሞ በሁለት ጥርስ የምትያዝ አትሁን። በቂ ጥርስ ይዛ ወደ ውስጥ ብቅ የማትል መሆን አለባት።

ጆሮው ላይ ያለው ጭረት ላዩን ከሆነ አያሳስብም። ጠልቆ ብረቱን ካነሳው ግን ባለሙያ ሳያየው አትተኩስ።


ንስር ዓይን

ሄድስፔሱንስ (ከቦልቱ ፊት ጥይቱ ቻምበር ውስጥ ተደግፎ እስከሚቆምበት ያለውን ርቀት) ማስለካት አይሻልም? ቦልቱን ሲመታው ከርሟል፣ ግፊት ያለው ጥይትም ተኩሷል።


ሞረድ

ይሻላል፣ ጥሩ አነሳኸው። ባለሙያ ጋ ‹ጎ› እና ‹ኖ ጎ› የሚባሉ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉ። ለ.308 የመጀመሪያው 41.40፣ ሁለተኛው 41.50 ሚሊሜትር ነው። በመጀመሪያው ላይ ቦልቱ መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው ላይ መዘጋት የለበትም። በመካከላቸው ያለው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በቀለህና በፕላስተር የሚለኩትን የቤት ዘዴ ለዚህ አልመክርም።

እስከዚያው የፋብሪካውን ቀለሆች ከታች፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ ያለውን ክፍል እያቸው። ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካለ ናሱ እየሳሳ ነው። የተጣመመ ቀጭን ሽቦ በአፉ አስገብተህ ውስጡን ስትዳስስ ስርጉድ ካለህ፣ ያ ቀለህ ሊበጠስ ነበር ማለት ነው።


ዝምተኛዋ

ስለመንከሱ ማንም አልተመለሰበትም። ተመሳሳይ ካዝና ስለያዝኩ ልናገር።

የወዳጅህ ጥይት 72.3 ከሆነ መልሱ ግማሹ እዚያ አለ። ረጅም ጥይት የካዝናውን የፊት ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚወጣው። በነጻ መነሳት ሲገባው ይፋተጋል፣ አፍንጫው ይደፋል። ጣትህን ከላይ ጫን አድርገህ ልቀቀው፤ ረጅሙ ጥይት ተይዞ ይቀራል፣ አጭሩ ወዲያው ይነሳል። በዚህ ብቻ ትለየዋለህ።

የፋብሪካውም የሚነክስ ከሆነ ግን ካዝናውን ወደ ላይ ገፋ አድርገህ ያዝና በልምምድ ጥይት አቀባብል። ስትገፋው ከተስተካከለ፣ ካዝናው ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። የእኔ እንዲህ ነበር፤ መያዣ ጥርሱ ላይ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ አይቆለፍም ነበር። ሲቆለፍ ‹ቀጭ› ማለቱን ብቻ አትመን፣ ወደ ታች ጎትተህ እየው።

ሌላ ደግሞ፣ የእንጨቱ ብሎኖች ከልክ በላይ ከጠበቁ የካዝናው ቤት ይጣመማል። ካዝናው ሲገባና ሲወጣ ጨነቅ ካለው ይሄን ጠርጥር።


ሞረድ

እህቴ ጨርሰሽዋል። እኔ የምጨምረው ስለ እጅ ነው።

አዲስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቦልቱን ያባብለዋል። ቀስ ብሎ ይስባል፣ ቀስ ብሎ ይገፋል። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ካልሳብከው ቦልቱ ከጥይቱ ቂጥ ጀርባ አይደርስም፤ ወይ ሳያነሳው ያልፋል፣ ወይ ወገቡ ላይ ይይዘዋል። እስከ ጥግ ሳብ፣ ሳትፈራ ግፋ። ማርገፍ አይደለም፣ ቆራጥነት ነው።

ቦልትህ ዓይነቱ የቱ እንደሆነም እወቅ። እ.ኤ.አ. ከ1898ቱ ማውዘር የወረሱት ትልቅ ጥፍር ያላቸው ጠመንጃዎች ጥይቱን ከካዝናው ሲወጣ ጀምረው ይይዙታል። ሌሎቹ ወደ ፊት ብቻ ይገፉታል፤ ጥፍሩ የሚነክሰው ቦልቱ ሊዘጋ ሲል ነው። በእነዚህኞቹ ላይ ግማሽ ገፍተህ ሐሳብህን ብትቀይርና ወደ ኋላ ብትስብ፣ የመጀመሪያው ጥይት ቻምበር ደጃፍ ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛው ከኋላው ይመጣል። አንተ ‹መልሼ ስገፋው ጭራሽ ይቀረቀራል› ያልከው ይህን ይመስላል። ሁለት ጥይት ሲደራረብ አትግፋ። የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛዋን ፕራይመር ሊወጋ ይችላል። ካዝናውን ንቀል፣ ቦልቱን ክፈት፣ ሁለቱንም አውጣ።

የት እንደሚፋቅ ለማየት የልምምድ ጥይቱን በሙሉ በማርከር ቀባው። ቀስ ብለህ አቀባብልና አውጣው። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ነው የሚናገረው። ጎኑ ላይ መስመር ካለ የካዝናው አፍ ጠርዝ ነው። ጫፉ ብቻ ከሆነ ተዳፋቱ ነው። ይህን በእውነተኛ ጥይት ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ካለ ግን እዚህ ክር ላይ አይምጣብኝ።


ጥላ ሥር

ጥይቱ ፀሐይ ላይ ቢውልስ ግፊቱ ይጨምራል የሚሉት እውነት ነው?


ቀለህ ለቃሚ

እውነት ነው፣ መጠኑ ግን እንደ ባሩዱ ይለያያል። ሙቀት የማይገደው ባሩድ አለ፣ በጣም የሚገደውም አለ። በቀዝቃዛ ጠዋት ጣሪያው ላይ የደረሰ የቤት ሙሌት፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሲተኮስ ሊያልፍ ይችላል። በጋለ ቻምበር ውስጥ ጥይት አቀባብሎ ማቆየትም ያው ነው።

ሌላው ጫፍም እንዳይረሳ። ተኩሱ ‹ጷ› ብሎ ብቻ ትከሻህን ካልመታህ፣ ቀጣዩን አታቀባብል። አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ቦልቱን አውጥተህ በአፈሙዙ ብርሃን እይ። ጭራሽ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ታገስ፣ ከዚያ ነው መክፈት።


ጀማሪው አዳኝ

ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ሄድስፔሱ ተለካ፣ በልኩ ነው። ሁለቱም የፊት ብሎኖች ተቀይረዋል፣ ጆሮዎቹ ግራሶ ተቀብተዋል። የፋብሪካውን ተኩሻለሁ፣ እጀታው በሁለት ጣት ይነሳል። ቀለሆቹ ንጹሕ ናቸው።

መንከሱ በጣም ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ካዝናው በደንብ ይቆለፋል፣ ሲገፋም ለውጥ የለውም። ሁልጊዜ የሚነክሰው ከቀኝ በኩል የሚወጣው ጥይት ነው። ማርከሩ የተላጠው ጎኑ ላይ ነው። የካዝናው አፍ የቀኝ ጠርዝ ከግራው ይልቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይታየኛል። በፒንሳ ልመልሰው?


ሞረድ

ፒንሳውን አስቀምጥ። ያ ጠርዝ ትንሽ ሲነካ የሚለቅበት ቦታ ይለወጣል፤ ቀኙን ስታስተካክል ግራው ይበላሻል። ካዝናው በዋስትና ውስጥ ነው፣ ፎቶውን አንሥተህ ለፋብሪካው ላክና ይቀየርልህ። ከተቻለ የሰው ካዝና ተውሰህ አስቀድመህ ሞክር። በሌላው ካልነከሰ ነገሩ አለቀ።


ጀማሪው አዳኝ

የተዋስኩት ካዝና አንዴም አልነከሰም። የእኔን ለመቀየር ልኬያለሁ።

የወዳጄ ጥይቶች ቀርተዋል። ደውዬለት ነበር። የሞላው ለራሱ ጠመንጃ በሚሆን ርዝመት ነው፤ የእሱ ቻምበር ጉሮሮው ረጅም ነው። ቀለሆቹም የወታደር ናቸው። መጥቶ ሊያፈርሳቸው ነው። ዝም ብሎ አረሩን ወደ ውስጥ ገፋ ቢያደርገው አይበቃም?


ቀለህ ለቃሚ

አይበቃም። አረሩ የአፈሙዙን ጠመዝማዛ እየነካ ከነበረ ግፊት ይጨምራል፣ እሱ አንዱ ጉዳይ ነው። አረሩን ወደ ውስጥ ስትገፋው ግን ለባሩዱ የቀረው ቦታ ይጠባል፣ ይህም ግፊት ይጨምራል። ቀለሁ ደግሞ ቀድሞውኑ ወፍራም ነው። አንዱን ስትሸሽ ሌላው ይጠብቅሃል።

በሙሉ ይፍረሱ። እያንዳንዱ ባሩድ ተለይቶ ይመዘን፣ ከጻፈው ጋር ይተያይ። ከዚያ በዚያ ቀለህ፣ በአንተ ጠመንጃ ርዝመት፣ ከመጽሐፉ ዝቅተኛ መነሻ ይጀምር። ከተፈቱት ቀለሆች የፕራይመር ቤታቸው የላላ ካለ ይጣሉ።

ሚዛኑን ከመመዘኑ በፊት በማረጋገጫ ክብደት ይፈትነው። ኤሌክትሪኩ ከሆነ ከማራገቢያና ከሞባይል ራቅ አድርጎ ያስቀምጠው፣ ቁጥሩን ያወዛውዙታል።